ጥሪው ተሻገረ፣ ስንቁስ?

ገደል ማዶ ላለ ጎረቤት መልእክት ማድረስ ለደጋ ሰው ብርቅ አይደለም። እጅን አፍ ላይ ደግኖ መጣራት ነው። ድምፁ ይሻገራል። ስንቅ ማሻገር ግን ሌላ ሥራ ነው። መንገድ ይፈልጋል፣ አህያ ይፈልጋል፣ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ላወራ ፈልጌ ነው። በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ተራ ነገር ሆኗል። ወሬውም በዚያው ልክ ነው። ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? አንዴ ከሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ሰፈር ውስጥ ቻርጅ የት አለ? ስለ ኢንቨርተሩ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። መኪናው እንጦጦን ሲወጣ ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል ለሞተሩ እየመጠነ የሚያቀብለው ግን እሱ ነው። ሲበላሽ ደግሞ ለጠጋኝ ራስ ምታት ነው።

ሥራውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ባትሪው የሚሰጠው ቀጥተኛ ከረንት ነው። ሞተሩ የሚፈልገው ተለዋዋጭ ነው፣ ያውም በሦስት መስመር። በመካከል ስድስት ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ ገደማ እየበሩና እየጠፉ ከባትሪው ኃይል እየቆረሱ ለሞተሩ ይሰጣሉ። ቴክኒሻኖቻችን ስዊች ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበል። ግድግዳ ላይ እንዳለው ጣት የሚጫነው ነገር የላቸውም። የሲሊከን ወይም የሲሊከን ካርባይድ ቁራጮች ናቸው። ከረንት የሚገባበት እግር አላቸው፣ የሚወጣበት እግር አላቸው፣ ሦስተኛው ደግሞ ጌት ይባላል። ጌቱን ከመውጫው እግር 15 ወይም 18 ቮልት ያህል ከፍ ካደረጉት ስዊቹ ይበራል። ወደ ዜሮ ወይም ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ካደረጉት ይጠፋል።

ልብ በሉ፣ ከመውጫው እግር ነው ያልኩት። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ቃል ነው።

የታችኛው ስዊች መውጫ እግር የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ቆሟል። ወለሉ የረጋ ነው። የላይኛው ግን የቆመው በሁለቱ ስዊቾች መገናኛ ላይ ነው። ይህ ነጥብ የታችኛው ሲበራ ዜሮ፣ የላይኛው ሲበራ ደግሞ 400 ቮልት ይሆናል። በአዳዲሶቹ መኪኖች 800 ይደርሳል። አሳንሰር ውስጥ የቆመ ሰው አስቡ። አሳንሰሩ በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ ከምድር ቤት ወደ ላይኛው ፎቅ ይዘላል። እናንተ ምድር ቤት ቆማችሁ፣ ለዚህ ሰው ከእግሩ ሥር ካለው ወለል ልክ 18 ሳንቲ ከፍ አድርጋችሁ ኩባያ ያዙለት ተባላችሁ። የላይኛውን ጌት መንዳት ይህንን ይመስላል።

ተማሪ ሳለሁ ይህን አንብቤ ገብቶኛል ብዬ ነበር። አንድ ቀን የኦሲሎስኮፑን (የቮልቴጅን ውጣ ውረድ በስክሪን የሚያሳየውን መለኪያ) የግራውንድ መቆንጠጫ የላይኛው ስዊች መውጫ እግር ላይ ሰካሁት። ኦሲሎስኮፑ በሶኬቱ በኩል ከምድር ጋር የተያያዘ መሆኑን ረስቻለሁ። ጧ አለ። ትንሽ ጭስ ወጣ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ፣ መምህሩም ዞረው አዩኝ። የሚዘል ወለል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እንግዲህ ስዊቹን የሚነዳው ትንሽ ሰርኪዩት፣ ጌት ድራይቨር የሚሉት፣ ከሚዘለው ወለል ጋር አብሮ መዝለል አለበት። የመኪናው ኮምፒውተር ግን ምድር ቤት ነው ያለው፣ 12 ቮልቱ ጋ። ሁለቱን በተራ ሽቦ ማያያዝ አይቻልም። ግን ሦስት ነገሮች በመካከላቸው መሻገር አለባቸው። አንደኛ ጥሪው፦ አብራ፣ አጥፋ። ሁለተኛ ስንቁ፦ ጌቱን የሚሞላው ኃይል። ሦስተኛ የመልስ ወሬ፦ ደህና ነኝ፣ ወይም ኧረ ተቃጠልኩ።

ጥሪው ከተሻገረ ሰነበተ። ኦፕቶከፕለር የሚባለው ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት እግር ጥቁር ቺፕ ውስጥ ትንሽ መብራትና ብርሃን የሚያይ ዳሳሽ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መብራቱ ይበራል፣ ዳሳሹ ያያል፣ ትእዛዙ ደረሰ። ሽቦ የለም። የድሮ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ የፈታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጉድለቱ መብራቱ በዓመታት መድከሙ ነው፤ በጣም ፈጣን ለሆኑ አዳዲስ ስዊቾችም ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ አናሎግ ዲቫይስስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ብርሃኑን ትቶ፣ ቺፕ ላይ የተሠሩ ሁለት ጥቃቅን ጥቅልሎችን ተጠቀመ። በመካከላቸው ያለው ኢንሱሌሽን ከፀጉር የቀጠነ ፕላስቲክ ነው። እንዲህም ሆኖ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይችላል። ሌሎች ኩባንያዎች በጥቅልል ፈንታ ጥቃቅን ካፓሲተሮችን፣ ቻርጅ የሚያጠራቅሙትን፣ መረጡ። ዛሬ በየኢንቨርተሩ ያሉት እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ገመድ አልባ ሲባል ዋይፋይ ትዝ እንዳይላችሁ። የሚዘለለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ገደሉ ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 800 ቮልት ነው።

ወደ ስንቁ እንምጣ። ምን ያህል ነው? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ስዊች ጌቱን ለመሙላት አንድ ማይክሮኩሎምብ ቻርጅ ይፈልጋል እንበል። የቮልቴጁ ልዩነት 22 ቮልት፣ ድግግሞሹ በሰከንድ 10 ሺህ። ሦስቱን ብናባዛ 0.22 ዋት ይወጣል። ድራይቨሩ ለራሱ የሚበላውን ጨምረንበት አንድ ሁለት ዋት ቢሆን ነው። ትንሿ የስልክ ቻርጀር እንኳ 5 ዋት ትሰጣለች። ይህቺ ጉርሻ ግን ከመቶ ኪሎ ዋት በላይ የሚያሳልፍ በር ትከፍታለች። ከቀረች በሩ አይከፈትም። በትክክል ካልደረሰች ደግሞ በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል፤ ገርበብ ያለ ስዊች በራሱ ሙቀት ይቃጠላል።

አንድ ነገር ግን አለ። ስንቁ በአማካይ ጥቂት ቢሆንም የሚፈለገው በአንድ ጊዜ ነው። ጌቱ ሲሞላ ለአፍታ አሥር አምፒርና ከዚያ በላይ ይስባል። ይህን የአዲስ አበባ ሰው ከማንም በላይ ይረዳዋል። ውኃ በፈረቃ በቀጭኑ ይመጣል፤ ሮቶ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲፈለግ በአንዴ ይቀዳል። እያንዳንዱ ድራይቨር አጠገብ ሮቶ የሚሆን ካፓሲተር አለ። ጥያቄው ሮቶው በምን ይሞላል ነው።

ርካሹ ዘዴ ቡትስትራፕ ይባላል። የላይኛው ወለል ምድር ቤት በወረደበት ቅጽበት አንድ ዳዮድ፣ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር፣ ተከፍቶ ሮቶውን ይሞላል። ወለሉ ሲዘል ዳዮዱ ይዘጋል፣ ሮቶውም አብሮ ይዘላል። አንድ ዳዮድና አንድ ካፓሲተር፣ በቃ። በኤሌክትሪክ ብስክሌትና በትንንሽ የሞተር መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ይህ ሞልቷል። እኔ በበኩሌ አደንቀዋለሁ፤ ከዚህ ያነሰ ዋጋ ያለው መላ የለም። ግን ወለሉ ሳይወርድ ከላይ ብዙ ከቆየ ሮቶው ይደርቃል። መኪናው ዳገት ላይ ቆሞ ሞተሩ ሳይዞር መኪናውን ሊይዝ ሲሞክር አንደኛው ወለል ለረጅም ጊዜ ምድር ቤት ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ በትልልቆቹ ላይ ለየድራይቨሩ የራሱ ትንሽ ትራንስፎርመር ይሰጠዋል። ኃይሉ በማግኔት መስክ ይሻገራል። ይህም በሐቀኝነት ከታየ ገመድ አልባ ነው፤ ሁለቱ ጥቅልሎች አይነካኩም።

ታዲያ ምን ቀረ? ለዘመናት የሠራው ትራንስፎርመር ለምን አይበቃም?

ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሞዴል 3 ላይ የሲሊከን ካርባይድ ስዊቾችን ካስገባ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለዋል። እነዚህ ስዊቾች ከቀድሞዎቹ በጣም ፈጥነው ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። በፈጠኑ ቁጥር ገርበብ ብለው የሚቆዩበት ጊዜ ያጥራል፣ የሚባክነው ሙቀት ይቀንሳል፣ መኪናው ሩቅ ይሄዳል። ወለሉ ግን አሁን በአንድ ናኖሰከንድ 50 ቮልት ይዘላል። በትራንስፎርመሩ ሁለት ጥቅልሎች መካከል ደግሞ ማንም ያላዘዘው ካፓሲተር አለ፤ አጠገብ ላጠገብ በመሆናቸው ብቻ የሚፈጠር። 10 ፒኮፋራድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ያ ዝላይ በእሱ በኩል ግማሽ አምፒር ወደ ምድር ቤት ይረጫል። ኮምፒውተሩ የሚነጋገረው በሚሊ አምፒሮች ነው። ግማሽ አምፒር ለእሱ ነጎድጓድ ነው። አጥፋ ያለው አብራ ተብሎ ሊሰማ ይችላል። ላይና ታች አንድ ላይ ከበሩ ደግሞ ባትሪው በቀጥታ ሾርት ያደርጋል። የሲሊከን ካርባይድ ስዊች ይህን የሚችለው ለሁለት ሦስት ማይክሮሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የቃጠሎ ሽታ ነው።

መፍትሔው ጥቅልሎቹን ማራራቅ ነው። ሲራራቁ ያ ያልታዘዘ ካፓሲተር ይቀንሳል። ግን ሲራራቁ ማግኔቱም ይላላል፣ ስንቁ በመንገድ ይባክናል። ከዚህ ወዲያ ያለው ምርምር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚደረግ ድርድር ነው።

ድርድሩ መልክ መልክ አለው። አንዱ ወገን ስልክን ያለ ሽቦ ቻርጅ የሚያደርገውን ዘዴ ወስዷል። ሁለት ጠፍጣፋ ጥቅልሎች በሚሊ ሜትሮች ወይም በሳንቲ ሜትር ተራርቀው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በመካከል አየር ወይም ወፍራም ኢንሱሌሽን አለ። ሁለቱም ለአንድ ድግግሞሽ ይቃኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ለኢንዱስትሪ ክፍት ከሆኑት ባንዶች፣ 6.78 ወይም 13.56 ሜጋኸርትዝ። እንደ ክራር ክር አንዱ ሲመታ ሌላው ይርገበገባል። በመኪና ውስጥ ይህን ያህል ርቀት አያስፈልግም። 10 ሺህ ቮልት በሚሸከሙ አዲስ የሲሊከን ካርባይድ ስዊቾች ላይ ግን በእጅጉ ያስፈልጋል፤ ምርምሩ የበረታውም እዚያ ነው። እነዚህ ለባቡርና ለኃይል ማሰራጫ የታሰቡ ናቸው።

ሌላው ወገን በተቃራኒው ትራንስፎርመሩን አሳንሶ ቺፕ ውስጥ ከተተው። ጥሪውም ስንቁም በአንድ ቺፕ። ቦርዱ ያምራል፣ ቦታ ይተርፋል። ነገር ግን ጥቅልል ሲያንስ ድግግሞሹ መናር አለበት። ድግግሞሹ ሲንር ቺፑ ሳይፈልግ ራዲዮ ጣቢያ ይሆናል፣ ቦርዱም ጩኸቱን ያሠራጫል። የመጀመሪያዎቹ እንዲህ ያሉ ቺፖች ከገባው ኃይል የሚያሻግሩት ሲሶውን ገደማ ብቻ ነበር። ሁለቱ እጅ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አሁን ያሉት ከዚያ በብዙ የተሻሉ ናቸው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳየው ነው። ጥሪና ስንቅን ለምን እንለያያለን አሉ። ትእዛዙን 5.8 ጊጋኸርትዝ ማይክሮዌቭ ላይ ጫኑት። ማዶ ያለው ተቀባይ ሞገዱን አጣርቶ በዚያው ጉልበት ጌቱን ይገፋዋል። የተለየ ፓወር ሰፕላይ የለም። ጥሪው ራሱ ስንቅ ነው! ሐሳቡ ውብ ነው። የሚያሻግረው ጉልበት ግን ትንሽ በመሆኑ የተስማማው ትንሽ ጌት ላላቸው የጋሊየም ናይትራይድ ስዊቾች ነው። የመኪናውን ትልቅ ስዊች በዚህ መንዳት በማንኪያ ሮቶ እንደመሙላት ነው።

ይህ ሐሳብ በሌላ መልክ ቀድሞም ነበር። ለዚህ ወደ ወላይታ ሶዶ መሄድ ይቻላል። ከሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው መስመር በ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ይሠራል፤ የማስተላለፍ አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ነው። ለኬንያ ኃይል መሸጥ የተጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ የሚቀይሩት ታይሪስተር የሚባሉ ስዊቾች ናቸው፤ በርካታ ሆነው በሰልፍ ተያይዘዋል። የላይኛዎቹ የቆሙበት ወለል በመቶ ሺዎች ቮልት ከፍታ ላይ ነው። ከዚህ ገደል አንጻር የመኪናው ቦይ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች ጥሪው የሚሄደው በመስታወት ክር፣ በብርሃን ነው። ስንቁስ? በተለመደው ዘዴ ታይሪስተሩ አጠገብ ያለው ድራይቨር ስንቁን ከራሱ ከታይሪስተሩ ቮልቴጅ ላይ ይቃርማል። ዘበኛው ከሚጠብቀው እርሻ እሸት ቆርጦ እንደሚበላው ነው። ሁለተኛው ዘዴ ደግሞ ድራይቨሩን ጭራሽ ያስቀረዋል። ብርሃኑ በቀጥታ ታይሪስተሩ ላይ ያርፍና ያበራዋል። 40 ሚሊዋት ገደማ የሆነ የብርሃን ምት፣ ለ10 ማይክሮሰከንድ። ስኮትላንድንና ሰሜን አየርላንድን የሚያገናኘው የሞይል መስመር ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ይሠራል።

ታዲያ መኪናውም በብርሃን ቢነዳስ? አይሆንም። ታይሪስተር አንዴ ከተነካ ከረንቱ እስኪቆም በርቶ ይቆያል። እንደ ጥይት ካፕሱል ነው፣ አንድ ምት ይበቃዋል። የመኪናው ስዊች ግን በርቶ እንዲቆይ ጌቱን መያዝ፣ እንዲጠፋም ጌቱን ማፍሰስ ይፈልጋል። ይህንንም ቀኑን ሙሉ በሰከንድ አሥር ሺህ ጊዜ። እርግጥ ሌዘር በክሩ ልኮ ማዶ ላይ በትንሽ የሶላር ሴል መቀበል ይቻላል። የመስታወት ክር ያ ያልታዘዘ ካፓሲተር የለበትም ማለት ይቻላል፣ ጸጥታው የሚያስቀና ነው። ዋጋው ግን አይቀመስም፣ ከተላከው ብርሃንም አብዛኛው በመንገድ ይቀራል። ለምርምር ላቦራቶሪና ለከፍተኛ ቮልቴጅ እሺ፤ ለመኪና ገና ነው።

አሁን ስለ እውነተኛው ራዲዮ ልናገር። ስዊቾቹን በብሉቱዝ ወይም በዋይፋይ ዓይነት ሞገድ እናዝዛለን የሚል ወሬ አልፎ አልፎ ይሰማል። በእኔ እምነት ይህ ለመኪና ኢንቨርተር የተጋነነ ተስፋ ነው። ዋይፋይ መልእክት ለማድረስ ሚሊሰከንዶች ይወስዳል፣ እሱም አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግይቶ። እዚህ የሚፈለገው ግን ከማይክሮሰከንድ ያነሰ ልክነት ነው። ላይኛው ከመብራቱ በፊት ታችኛው መጥፋቱ እርግጥ መሆን አለበት። ትእዛዞቹን በጊዜ ሰሌዳ አስቀድሞ ልኮ፣ ማዶ ያለው በራሱ ሰዓት እየቆጠረ እንዲፈጽም ማድረግ ይቻላል። ያኔም ቢሆን የአደጋ ጊዜ ውሳኔ በራዲዮ ደርሶ መልስ አይጠብቅም። ሾርት ሲደርስ ድራይቨሩ እዚያው፣ ሳያስፈቅድ፣ ስዊቹን ማጥፋት አለበት። በርካታ ስዊቾች ተራርቀው በተቀመጡበት ትልቅ ማሽን ላይ የራዲዮው ነገር ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ስድስቱም በአንድ የእጅ መዳፍ ቦርድ ሥር በተደረደሩበት መኪና ላይ ግን ማንን ለማስደሰት ነው?

ራዲዮ በመኪና ውስጥ የገባበት ትክክለኛ ቦታ ባትሪው ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2020 ለአልቲየም ባትሪዎቹ ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ ሲያስተዋውቅ፣ በባትሪው ውስጥ ያለውን ሽቦ እስከ 90 በመቶ እቀንሳለሁ ብሎ ነበር። እዚያ የሚላከው የየሴሉ ቮልቴጅና ሙቀት ነው። ሚሊሰከንድ ቢዘገይ የሚጎዳ ሰው የለም። ስንቅም መላክ አያስፈልግም፤ ላኪው የተቀመጠው ባትሪው ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለኛ ጠጋኞች የራሱ ትርጉም አለው። የኢንቨርተር ቦርድ ሲመጣላቸው ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚፈትሹት ትእዛዙን ነው፣ ኮምፒውተሩ ምልክት ልኳል ወይ እያሉ። ላኪው ደህና ሆኖ ሮቶው ደርቆ የተገኘበትን ቦርድ እኔ ራሴ ደጋግሜ አይቻለሁ። በተለይ በቤት ሶላር ኢንቨርተሮች ላይ። ካፓሲተሩ በሙቀት ደርቋል፣ ወይም ትንሿ ትራንስፎርመር ተቆርጣለች። መርካቶ ዞሮ ተመሳሳዩን ገዝቶ፣ በደንብ ያልያዘ ብየዳ ሳይቀር ፈትሾ መመለስ ይቻል ነበር። የላይኛውን ጌት ሲለካም ዲፈረንሻል ፕሮብ (ከምድር ጋር ሳያያይዝ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት የሚለካውን) ይያዝ፤ ያ የኔ ጧ እንዳይደገም። መኪናው ከጠፋም በኋላ ትልቁ ካፓሲተር ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ባዶ መሆኑን ሳይለኩ እጅ አይገባም።

ጥሪውና ስንቁ አንድ ቺፕ ውስጥ ሲገቡ ግን ይህ ጥገና ይቀየራል። የምትፈታ ትራንስፎርመር የለችም። የደረቀ ካፓሲተር ብቻ ከሆነ እሰየው። ችግሩ ከቺፑ ከሆነ ቁጥሩን አንብቦ ከውጭ ማዘዝ ነው። እስኪደርስ ድረስ ደንበኛው በየሁለት ቀኑ ይደውላል።